የሪባን ጉንጉን ሙያ፦ ለትምህርት ቤት በዓላት የደረት አበባ መሥራት ለሚማሩና በሥራው ለሚሰማሩ ዜጎች የተዘጋጀ መረጃ

የትምህርት ዘመኑ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ይከበራል፤ የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪዎች ይመረቃሉ፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም «ከለር ደይ» ብለው በሚጠሩት ዕለት ይሰነባበታሉ። በእነዚህ በዓላት ተማሪው በልብሱ ደረት ላይ የሚሰካው፣ ከሪባን ተጎንጉኖና ተጣጥፎ የሚሠራው ጌጥ በዚህ ጽሑፍ «የደረት አበባ» ተብሎ ተጠርቷል። ጌጡ በአነስተኛ መነሻ ገንዘብ በቤት ውስጥ ሊመረት የሚችል በመሆኑ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች፣ ከቤት ሳይርቁ ገቢ ማግኘት የሚፈልጉ እናቶች እንዲሁም በልብስ ስፌትና በሽመና የተሰማሩ ዜጎች ሙያውን እንዴት መማር እንደሚችሉና ከተማሩ በኋላ ወደየትኛው ጽሕፈት ቤት መቅረብ እንዳለባቸው ለማሳወቅ ይህ መረጃ ተዘጋጅቷል።

በቅድሚያ አንድ ጉዳይ መታወቅ ይኖርበታል። ጉንጉኑን እጅ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይለምደዋል። ጀማሪውን ለኪሳራ የሚዳርገው የእጅ ሥራው ክብደት ሳይሆን ጊዜንና ዋጋን ሳያሰሉ ትእዛዝ መቀበል ነው። የምረቃ በዓል ቀኑ አይገፋም፤ በማግስቱ የደረሰ የደረት አበባ ገዢ የለውም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በተገኘበት አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ላይ አበባዎቹ የደረሱት ሕፃናቱ ፎቶግራፍ ተነሥተው ከመድረክ ከወረዱ በኋላ ነበር። ሥራው ሲታይ ያማረ ነበር፤ ሆኖም ወላጆች ገንዘባቸው እንዲመለስ ጠየቁ፤ ሠሪዋም የገዛችው ሪባን ዕዳ ሆነባት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ አሠራሩ የተነገረውን ያህል ስለ ስሌቱና ስለ ውሉም ተነግሯል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለጀማሪ የሚያስፈልገው ስለታም መቀስ፣ የስፌት ሜትር፣ መርፌና ክር፣ እስፒል፣ ሻማ ወይም ላይተር፣ ለመደገፊያ የሚሆን ወፍራም ጨርቅ እና ሪባን ነው። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው የሙጫ መሣሪያ (ግሉ ገን) ሥራን ያፋጥናል፤ የግድ ግን አይደለም። መብራት በተቋረጠ ጊዜ ሥራው እንዳይቆም ማንኛውም ሠልጣኝ በመርፌ ማያያዝን አስቀድሞ መልመድ አለበት። በመርፌ የተያያዘ አበባ በሙጫ ከተያያዘው ይልቅ ዕድሜ እንደሚኖረውም በሥራ ላይ ይታያል።

በገበያ የሚገኘው ሪባን በአብዛኛው ከፖሊስተር የተሠራ ሳቲን ነው። ስፋቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አንሥቶ እስከ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ለጉንጉን ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ለአበባው አካል ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ይመረጣል። ብዙ ጥቅሎች በያርድ ተለክተው ስለሚመጡ 25 ያርድ የተባለው ጥቅል 25 ሜትር አለመሆኑን ገዢው ልብ ሊል ይገባል፤ 25 ያርድ 23 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በአንድ ጥቅል ላይ ቀላል ቢመስልም በሃያ ጥቅል ላይ ከ40 ሜትር በላይ ይሆናል።

የተቆረጠ የፖሊስተር ሪባን ጫፉ እንዳይተረተር ለቅጽበት ወደ ነበልባል ሲጠጋ ቀልጦ ይታሸጋል። ጥጥ ግን አይቀልጥም፤ ይቃጠላል። የጥጥ ጥለት የሚጠቀሙ ሠሪዎች ጫፉን አጥፈው መስፋት አለባቸው። ሻጩ ስለ ሪባኑ የሚለው ሁሉ እርግጠኛ ስለማይሆን ትንሽ ቁራጭ አቃጥሎ ማየት ይበቃል፦ ተኮማትሮ ጠንካራ ፍሬ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው፤ አመድ ከሆነና እንደ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ነው።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው የቀለም ፈተና ነው። ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ሐምራዊ ሪባን ከመግዛት በፊት ቁራጩን በነጭ ርጥብ ጨርቅ ውስጥ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መጫን ያስፈልጋል። ቀለም ከለቀቀ በሰኔ ዝናብ የተማሪውን ነጭ ሸሚዝ ወይም የአገር ልብስ ያበላሻል፤ የዚያ ልብስ ዋጋ ከአበባው ብዙ እጥፍ ነው። በዚሁ ምክንያት የካርቶን መደገፊያ ለሰኔና ለሐምሌ አይመከርም፤ እርጥበት ሲያገኘው ይጎብጣል።

ጉንጉኑ እንዴት ይሠራል

የመጀመሪያው ትምህርት ባለ ሦስት ሪባን ጉንጉን ነው። ሹሩባ መሥራት የሚችል ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። ልዩነቱ ፀጉር ሲጎነጎን መጠማዘዙ የማይጎዳ መሆኑ ነው፤ ሳቲን ግን አንጸባራቂ ፊትና ደብዛዛ ጀርባ ስላለው የዳሩ ሪባን ወደ መሐል በሚሻገርበት ጊዜ ሁሉ ጠርዙ ላይ በጣት ተጭኖ መታጠፍ እንጂ መጠምዘዝ የለበትም። አጀማመሩ ሦስቱን ጫፎች በአንድነት ሰፍቶ ከጠረጴዛ ወይም ከትራስ ጋር በእስፒል መያዝ ነው። እጁ ያልለመደ ሠልጣኝ ሦስት የተለያዩ ቀለሞችን ቢጠቀም ስሕተቱ የተፈጠረበትን ቦታ በቀላሉ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ዓይነት በሁለት ሪባን የሚሠራ የቀለበት ጉንጉን ነው፤ ከደረት አበባው ሥር ተንጠልጥለው ለሚታዩት ዘርፎች ይህ ከሁሉ ይመረጣል። ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ሪባኖች፣ ለምሳሌ አረንጓዴና ቢጫ፣ ጫፋቸው በአንድነት ይታሰራል። በአረንጓዴው፣ ጅራቱ ሲሳብ የሚጠብቅ የሸምቀቆ ቀለበት ይሠራል። ቢጫው ታጥፎ ሁለተኛ ቀለበት ይሆንና በአረንጓዴው ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም የአረንጓዴው ጅራት ተስቦ ቢጫው ላይ ይጠብቃል። ቀጥሎ አዲስ የአረንጓዴ ቀለበት በቢጫው ውስጥ ያልፋል፤ የቢጫው ጅራት ይሳባል። እንዲህ እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ። በመጨረሻም የአንደኛው ሪባን ጫፍ ራሱ በቀረው ቀለበት ውስጥ አልፎ ሲጠብቅ ጉንጉኑ ይዘጋል። ይህ መጨረሻ ካልተዘጋ ጉንጉኑ ሁሉ በአንድ ስበት ይፈታል፤ አንድ ሕፃን ጫፉን ይዞ ቢጎትተው ከመድረክ ላይ ክሩ ብቻ ይቀራል። ሥራውን የሚያሳምረው ስበቱ በየቀለበቱ እኩል መሆኑ ነው። አንዱ ጠብቆ ሌላው ከላላ ጉንጉኑ ወደ አንድ ወገን ይዞራል።

በዚህ የጉንጉን ዓይነት ሰፊ ልምድ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ነው። በዚያ በበልጋቸው ወራት፣ ማለትም በመስከረምና በጥቅምት ግድም፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ሆምካሚንግ» በተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ (ፉትቦል) በዓላቸው ተማሪዎች «ማም» የሚሉትን፣ ረጃጅም የሪባን ጉንጉኖች የሚንጠለጠሉበትን ትልቅ አበባ ይሰካሉ፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በተለምዶ ነጭን ከብርማ ወይም ከወርቃማ ጋር ያደርጋሉ። ጌጡ ቀድሞ ከተፈጥሮ አበባ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን በአመዛኙ ሰው ሠራሽ ነው። በዳላስና በሂዩስተን አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ ከዚህ ልማድ ጋር ይተዋወቃሉ። ከአሠራሩ የምንማረው ብዙ ነው፤ ከመጠኑ ግን መማር ያለብን ጥንቃቄ ነው። እዚያ ጌጡ ከዓመት ወደ ዓመት እየተለቀ ዋጋው በመቶዎች ዶላር እስከ መቆጠር ደርሷል። በአገራችን ትምህርት ቤቶች አንድ ወጥ መጠንና አንድ ወጥ ዋጋ ቢወስኑ፣ ከልጅ ልጅ የሚለይ ጌጥ በመድረክ ላይ ባይታይ ይመረጣል።

ሦስተኛው የእጥፋት ጉንጉን ነው። እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ሪባኖች ጫፎቻቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን ተደራርበው ይሰፋሉ፤ ከዚያም ከሥር ያለው በላይኛው ላይ እየታጠፈ፣ እየተፈራረቀ ይደረደራል። ሲለቀቅ እንደ አኮርዲዮን ይሳባል። ለልጆች ጌጥ ተወዳጅ ነው፤ ለመማርም ከሁሉ ይቀላል።

ለእያንዳንዱ ጉንጉን ምን ያህል ሪባን እንደሚሄድ ከሰው ሰምቶ መሥራት አይመከርም፤ እንደ ሪባኑ ስፋትና እንደ እጁ ስበት ይለያያልና። ትክክለኛው መንገድ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ናሙና ሠርቶ፣ ፈትቶ፣ የሄደውን ሪባን በሜትር ለክቶ በመዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ይህ መዝገብ ለሠሪው ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይጠቅመዋል።

አበባውን መገጣጠምና የልጆች ደኅንነት

የአበባው አካል የሚሠራው 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሪባን በጥቃቅን እጥፋት (ፕሊሲ) እየደረቡ በክብ መደገፊያ ዙሪያ በመስፋት ነው። አንዱ እጥፋት ካለቀበት ሌላው እንዲጀምር ተደርጎ ሲታጠፍ ሪባኑ ከሚሸፍነው ርዝመት ሦስት እጥፍ ይፈልጋል። መደገፊያው 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ከሆነ ዙሪያው 15.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት እጥፉ 47 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለመገጣጠሚያ ሲጨመርበት ግማሽ ሜትር ይያዛል። መሐሉን ለመሸፈን 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን አምስት ሪባኖች ወደ ቁልቁል ዘርግቶ ሌሎች አምስት ሪባኖችን አንዱን በላይ አንዱን በታች እያሳለፉ ወደ ጎን መሸመን ይቻላል። ለእያንዳንዱ 7 ሴንቲ ሜትር ቢያዝ በጠቅላላው 70 ሴንቲ ሜትር ሪባን ይበቃል። ለአዲስ ዓመት የሚዘጋጅ ከሆነ መሐሉን በአደይ አበባ ቢጫ መሥራት ብዙ ወላጆች የሚወዱት ነው።

ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የሚሠራ ጌጥ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እስፒልም ሆነ መርፌ ቁልፍ ለዚህ ዕድሜ አይመከርም፤ አበባው በልብሱ ላይ በጥቂት ስፌት መያያዝ ወይም በእጅ አንጓ ላይ በሰፊ ሪባን መታሰር ይችላል። ማግኔት ያለው መያዣ ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ልጅ ከአንድ በላይ ማግኔት ቢውጥ በአንጀት ውስጥ እርስ በርስ ተሳስበው ከባድ ጉዳት ያደርሳሉ። በሙጫ ብቻ የተለጠፉ ዕንቁዎችና ጥቃቅን ደወሎችም ወደ አፍ የሚገቡ ናቸው። ተንጠልጣይ ዘርፎች ለትናንሾቹ አጭር ይሁኑ፤ በአንገት ላይ የሚጠመጠም ርዝመት ሊኖራቸው አይገባም።

የሽመና ጥለትን ስለመጠቀም

ከሳቲን ሪባን ይልቅ በአገር ውስጥ ሸማኔ የተሠራ ጠባብ ጥለት መጠቀም ሥራውን ከገበያው ይለየዋል። የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ከጋሞ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች ለረጅም ዘመን የሠሩበትና የአገር ልብስ የሚሸጥበት ሰፈር ነው፤ በየክልሉም ሸማኔ አለ። ሸማኔው ከትምህርት ቤቱ ዓርማ ቀለማት ጋር የሚስማማ ጥለት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርጎ እንዲሠራ ሊታዘዝ ይችላል። ሆኖም ድር ማድራት ለጥቂት ሜትርም ለብዙ ሜትርም ተመሳሳይ ድካም የሚጠይቅ በመሆኑ ለ10 ሜትር ጥለት ማዘዝ ዋጋውን ያንረዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሠሪዎች በአንድነት ቢያዙ ይሻላል። ትእዛዙ ቢያንስ ከበዓሉ ሁለት ወር በፊት መሰጠት አለበት፤ ለፋሲካ የአገር ልብስ በሚሠራበት ሰሞን የሸማኔ እጅ አይገኝም። የሸማኔውንም ድካም የሚያስረሳ ዋጋ መደራደር ተገቢ አይደለም። ጥለቱን የሚያሳምረው እርሱ ነውና።

የትምህርት ቤትን ዓርማ በጌጡ ላይ ለማድረግ የትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሥልጠናና የብቃት ምዘና

የሪባን ጉንጉን ብቻውን እንደ አንድ ሙያ ተቆጥሮ ሥልጠና ይሰጥበታል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የሚሰጠው በእደ ጥበብ፣ በልብስ ስፌት ወይም በሽመና ዘርፍ ሥር በሚዘጋጅ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ውስጥ ነው። በመሆኑም ተገልጋዩ ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሲቀርብ «የሪባን ሥልጠና አላችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ በእነዚህ ዘርፎች የአጭር ጊዜ ሥልጠና መቼ እንደሚጀመር፣ የተግባር ሰዓቱ ምን ያህል እንደሆነና የጥሬ ዕቃ ወጪው በማን እንደሚሸፈን ቢጠይቅ ግልጽ መልስ ያገኛል። ኮሌጁ ራቅ ካለ በቅድሚያ የወረዳውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ድካም ይቀንሳል።

ሥራ ፈላጊ ሆኖ ለመመዝገብም መነሻው ይኸው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። የፋይዳ መታወቂያ ይዞ መቅረብ ጉዳዩን ያፋጥናል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ይህ መታወቂያ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩን ለማያውቁት ደላላ አሳልፎ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ለሥልጠና ወይም ለምዝገባ ክፍያ ካለም የሚፈጸመው በተቋሙ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ሥልጠና የጨረሰ ሰው የብቃት ምዘና ሊወስድ ይችላል። በተለምዶ «ሲኦሲ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ምዘና የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው፤ ውጤቱም ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ተብሎ ይገለጻል። ገና ብቁ ያልሆነ መባል መውደቅ አይደለም፤ የጎደለውን አሟልቶ እንደገና መመዘን ይቻላል። ከእናት ወይም ከጎረቤት የተማሩ፣ ኮሌጅ ያልገቡ ሠሪዎችም በሥራ ልምድ ያገኙትን ክህሎት ይዘው ምዘና መጠየቅ እንደሚችሉ ብዙዎች አያውቁም። ለእነዚህ ሰዎች የሠሩትን ናሙና፣ የሥራ ፎቶግራፍና የመዝገብ ደብተራቸውን ይዘው መቅረብ ይጠቅማቸዋል። የምስክር ወረቀቱ ጉንጉኑን አያሳምርም፤ ነገር ግን ማኅበር ሲመሠረት፣ ብድር ሲጠየቅና ትምህርት ቤቶች ጨረታ ሲያወጡ ይጠየቃል።

ሥልጠናውን የሚጀምሩበትን ጊዜ መምረጥም ያስፈልጋል። ግንቦት ላይ ሥልጠና የጀመረ ሰው ሲጨርስ በዓላቱ አልፈዋል። በጥርና በየካቲት ተምሮ፣ በመጋቢት ናሙና ሠርቶ፣ በሚያዝያ ለትምህርት ቤቶች ያሳየ ግን ግንቦትና ሰኔን ለማምረት ያውላቸዋል። በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሚከበረው የሰንደቅ ዓላማ ቀን ለጀማሪዎች መለማመጃ የሚሆን አነስተኛ የሥራ ወቅት ነው።

ዋጋ እንዴት ይወጣል

የሚከተለው ስሌት ለማስተማሪያ የቀረበ ነው፤ የብር መጠኖቹ ለአቆጣጠር እንዲያመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የሰፊው ሪባን ዋጋ በሜትር 10 ብር፣ የጠባቡ 5 ብር ነው እንበል። አንድ አበባ ከሰፊው 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ቢወስድ 11 ብር፣ ከጠባቡ 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ቢወስድ 9 ብር ይሆናል። መደገፊያ ጨርቅ፣ ክርና መያዣ 8 ብር ቢፈጁ የጥሬ ዕቃው ድምር 28 ብር ነው። ለሚባክነውና ለሚበላሸው 10 በመቶ፣ ማለትም 2 ብር ከ80 ሳንቲም ሲጨመር 30 ብር ከ80 ይደርሳል። አንዱን አበባ ለመሥራት 40 ደቂቃ ከፈጀና ሠሪው ለአንድ ሰዓት ጉልበቱ 60 ብር ከተመነ የጉልበቱ ዋጋ 40 ብር ነው። የ150 አበባ ትእዛዝ ለመጓጓዣና ለልዩ ልዩ 900 ብር ቢያስወጣ ለአንዱ 6 ብር ይደርሰዋል። ጠቅላላው 76 ብር ከ80 ይሆናል። ትርፍ ገና አልታሰበም።

በብዛት የሚታየው ስሕተት በ30 ብር ከ80 ላይ ጥቂት ጨምሮ መሸጥ ነው። እንዲህ የሸጠ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ስለሚያይ ያተረፈ ይመስለዋል፤ የከሰረው ግን ጉልበቱን ነው። ጉልበቱን የማይተምን ሠሪ ደግሞ አጋዥ መቅጠር አይችልም፤ አጋዥ ደመወዙን በነፃ አይተውለትምና።

ከብሩ ይልቅ የሚያስፈራው ሰዓቱ ነው። 150 አበባ በ40 ደቂቃ ሲባዛ 100 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ አንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጅበታል፤ ይህም ሳይታመም፣ እንግዳ ሳይመጣበት፣ ለቅሶ ሳይሄድ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን የሚለካው ሠሪ የመጀመሪያውን አበባ ሳይሆን አሥረኛውን ይለካ፤ በተገኘው ቀን ብዛት ላይም ሲሶ ያህል ይጨምር። ከዚህ በላይ ትእዛዝ ከመጣ ከሌላ ሠሪ ጋር መከፋፈል ከማፈር ያድናል።

ውልና ቀብድ

ከትምህርት ቤት ወይም ከወላጅ ኮሚቴ ጋር የሚደረግ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። በውሉ ላይ የአበባው ብዛት፣ መጠንና ቀለም፣ የአንዱ ዋጋ፣ የመረከቢያ ቀንና ሰዓት እንዲሁም በሁለቱም ወገን የተፈረመበት ናሙና መጠቀስ አለበት። ናሙናው ሁለት ሆኖ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በሠሪው እጅ ይቀመጥ። «ሰማያዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ጠብ አስነሥቷል።

አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብ በውሉ ላይ በምን ስም እንደተጻፈ ማየት ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በስተቀር። «ቅድሚያ ክፍያ» ግን ከጠቅላላው ዋጋ ላይ የሚታሰብ የክፍያ ክፍል ነው። የ5,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ማድረስ እንደማይችል ሲያውቅ ሥራውን የተወ ሠሪ 10,000 ብር ሊጠየቅ እንደሚችል ማወቅ አለበት። አቅሙን ያልለካ ሠሪ «ቀብድ» የሚለውን ቃል በውሉ ላይ ከመፈረሙ በፊት ያስብበት።

ትምህርት ቤቱ ከታዘዘው በላይ ጥቂት ትርፍ አበባዎችን በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲወስድ ማግባባት መልካም ልማድ ነው። በምረቃ ዕለት አበባ ያልተከፈለለት ወይም የጠፋበት ልጅ አይጠፋም፤ ያ ልጅ ባዶ ደረቱን ይዞ ከጓደኞቹ መሐል እንዳይቆም መምህሯ ከመሳቢያዋ የምታወጣው አበባ ይኑራት።

ምዝገባ፣ ፈቃድና የሥራ ሰዓት

ለጎረቤት አልፎ አልፎ ከመሥራት አልፎ ለትምህርት ቤቶች ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ደረሰኝ ስለሚጠየቅ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 ነው። በማኅበር ለመደራጀት የሚፈልጉ ወገኖች ወደ ወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ቀርበው የአደረጃጀት፣ የመሥሪያ ቦታና የብድር ትስስር አገልግሎት መጠየቅ ይችላሉ። ከመደራጀታቸው በፊት አንድ የሥራ ወቅት አብረው ቢሠሩ ይመከራል። ማኅበራትን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የገበያ ማጣት ሳይሆን ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ አለመመዝገቡ ነው።

የበዓሉ ቀን ሲጠጋ ሌሊት መሥራትና የቤት ልጆችን ማሰለፍ የተለመደ ነው። ለልጅ ጉንጉን ማስተማር መልካም ነው፤ ሆኖም ፈተና በሚወስድበት ሰሞን እስከ እኩለ ሌሊት ሪባን ማስያዝ ሌላ ነገር ነው። ሠራተኛ የሚቀጥሩ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ሰው መቅጠር እንደሚከለክል፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ እንዳይሰጠው እንደሚያዝ ሊያውቁ ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ በተጠቀሱት አገልግሎቶች ላይ ማብራሪያ የሚፈልጉ ተገልጋዮች በሚኖሩበት ወረዳ የሚገኘውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በመደበኛ የሥራ ሰዓት በአካል ቀርበው ማነጋገር ይችላሉ። ሲመጡ መታወቂያቸውን፣ የትምህርት ማስረጃ ካላቸው ዋናውንና ቅጂውን፣ በእጃቸው የሠሩት ናሙና ካለም እርሱን ጭምር ይዘው ይቅረቡ።